ትእዛዝና ፈቃድ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ከአዲስ አበባ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤ ማለቴ በልማድ ነው፤ እንደ ዛሬው ሁሉ በእጅ ስልክ የተላከ መልእክት ነበር። ይሁንና ጸሐፊው የእህቴ ልጅ እንደ ጥንቱ ከጤንነቴ ጀምሮ የቤተሰቡን ደኅንነት፣ የዝናቡን ሁኔታ፣ የጎረቤቱን ለቅሶ ሳይቀር ዘርዝሮ ከጨረሰ በኋላ ብቻ ወደ ጉዳዩ የገባ በመሆኑ፣ ደብዳቤ ብለው አይበዛበትም። ጉዳዩም ይህ ነበር፦ «ጋሼ፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ መሆን እፈልጋለሁ። በሲቪሉ በኩል ቅጥር እስኪወጣ ብጠብቅ ዕድሜዬ መሄዱ ነው። በአየር ኃይል በኩል ብገባስ? እርስዎ የሄዱበት መንገድ ስለሆነ ይምከሩኝ።»

በዚያው ሌሊት የእናቱ መልእክት ተከተለ። እርሷ ሰላምታም አላስቀደመች። «ወንድሜ፣ እሺ እንዳትለው። ከቤታችን አንድ ወታደር ይበቃል።»

በእነዚህ በሁለቱ መልእክቶች መካከል ሦስት ሳምንት ያህል መልስ ሳልሰጥ ተቀመጥሁ።

የምኖረው በናይሮቢ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ሩንዳ በተባለው ሰፈር፣ ከልጄ ቤት ነው። ሩንዳ ቀድሞ የቡና እርሻ የነበረ፣ ዛሬ ግን ዲፕሎማቶችና የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞች፣ እንዲሁም ባለጸጋ ኬንያውያን የሚኖሩበት፣ አጥሩ ረጅም፣ ዛፉ ብዙ፣ ድምፁ ጥቂት የሆነ መንደር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የናይሮቢ ጽሕፈት ቤት ያለበት ጊጊሪ ከደጃፋችን ሩቅ አይደለም። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ ቢሮም በዚያው ግቢ ውስጥ ይገኛል። ሙያዬ ከእጄ ከወጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፣ የሙያዬን ሕግ የሚጽፈው ድርጅት ጎረቤት ሆኜ መጦሬ አንዳንድ ጊዜ ብቻዬን ያስቀኛል።

በየቤቱ በር ላይ ዘበኛ አለ። ዘበኛውን እዚህ «አስካሪ» ይሉታል፤ በስዋሂሊ ቃሉ ወታደርንም ዘበኛንም ያመለክታል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ቃሉ ከጣሊያን ጦር ጋር የመጣብን ስለሆነ፣ መጀመሪያ ስሰማው ጆሮዬን ቆርቁሮኝ ነበር። ዛሬ ለምጄዋለሁ። የእኛ በር ጠባቂ በትንሿ ሬዲዮው ከጣቢያው ጋር ሲነጋገር የተነገረውን ሁሉ ሳይደግም አይዘጋም። ወጣቱ ልጅ ይህን ልማድ ማን እንዳስተማረው ጠይቄው አላውቅም። ሲደግም ስሰማ ግን ከተቀመጥሁበት ቀና እላለሁ።

አየር ኃይል የገባሁት በ1972 ዓ.ም.፣ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የኦጋዴን ጦርነት ካበቃ ሁለት ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። የሶማሊያን ሚጎች የጣሉት የኤፍ-5 አብራሪዎች ዝና በየሰፈሩ ልጅ አፍ ላይ ነበር፤ እኔም እንደ ማንኛውም የዘመኑ ጎረምሳ መሆን የፈለግሁት እነርሱን ነው። ሐኪሙ ግን የአፍንጫዬንና የጆሮዬን ነገር መርምሮ ፈጣን የግፊት ለውጥ እንደማልችል ወሰነ። ምድር ላይ ጤነኛ፣ ሰማይ ላይ በሽተኛ ሆንሁ ማለት ነው። «ታወር» የሚል ቃል ከስሜ ፊት ለፊት ተጽፎ ሳይ ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። እናቴ ስትሸኘኝ ያለቀሰችው ለአብራሪ ነው፤ ማማ ላይ ተቀምጬ የምናገር መሆኔን ብታውቅ ለቅሶዋ በግማሽ በቀነሰ።

ደብረ ዘይት፣ ሐረር ሜዳ፣ ቀድሞም የትምህርት ቦታ ነበረች። በ1930ዎቹ መጨረሻ ላይ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘንና ጓዶቻቸው የበረራ ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት በዚያ ነው። ከስዊድኖቹ በኋላ አሜሪካኖች፣ በእኔ ዘመን ደግሞ ሶቪየቶች መጡ። ይህ የመምህር መለዋወጥ ለታሪክ ጸሐፊ ፖለቲካ ነው፤ ለማማ ሠራተኛ ግን ሒሳብ ነበር። የአሜሪካው አውሮፕላን ከፍታውን በጫማ፣ ፍጥነቱን በኖት ይለካል፤ የሶቪየቱ ሚግ ደግሞ በሜትርና በሰዓት ኪሎ ሜትር። አንዱን በሦስት ሺህ ሜትር፣ ሌላውን በዐሥር ሺህ ጫማ ብታስቀምጥ በወረቀት ላይ የተራራቁ ይመስላሉ፤ በሰማይ ላይ ግን በመካከላቸው ያለው ከሃምሳ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ነው። ስለዚህ ሦስት መቶ ሜትር አንድ ሺህ ጫማ ሊሞላ ጥቂት እንደሚጎድለው፣ ያ ጥቂት ጉድለት ደግሞ እየተደመረ እንደሚሄድ፣ ከጸሎት ይልቅ ይህን ነበር ስንደግም የምናድረው።

ትምህርቱ ሲጀመር ሬዲዮ አልሰጡንም። የመማሪያ ክፍሉ ወለል ላይ በኖራ ማኮብኮቢያ ተሠመረ፤ ግማሾቻችን ከእንጨት የተጠረበ አውሮፕላን በእጃችን ይዘን በኖራው ዙሪያ እንራመዳለን፤ አንዱ ወንበር ላይ ቆሞ ይቆጣጠረናል። ትልልቅ ወንዶች የልጆች ጨዋታ ሲጫወቱ ያየ ሰው ይስቅ ነበር። አስተማሪያችን ግን አይስቅም። ሁለት «አውሮፕላኖች» ከተጋጩ ተጋጪዎቹ ወጥተው ሜዳውን ሲሮጡ፣ ያጋጫቸው ቆሞ ያያል። ያጋጨው የማይቀጣው ለምን እንደሆነ በጠየቅን ጊዜ፣ «መቀጣቱን አታዩም?» አለን።

ከዚያ ቋንቋው መጣ። የበረራ ሬዲዮ ንግግር እንግሊዝኛ ቢሆንም የሰው እንግሊዝኛ አይደለም። አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እየተባለ ፊደሉ በቃል ይቆጠራል፤ ዘጠኝ ቁጥር «ናይነር»፣ አምስት «ፋይፍ» ይባላል፤ ጩኸትና ብጥብጥ መካከል አንዱ ከሌላው እንዳይምታታ ነው። ያልሰማ አልሰማሁም ይላል፤ በግምት አይቀጥልም። የሰማም የሰማውን መልሶ ይደግማል፤ ተቆጣጣሪው የተደገመውን አዳምጦ ከተሳሳተ ያርማል። ሬዲዮ ቢበላሽ ደግሞ የብርሃን ቋንቋ አለ፦ የማይቋረጥ አረንጓዴ «እረፍ»፣ የማይቋረጥ ቀይ «ለሌላው ቅድሚያ ሰጥተህ መዞርህን ቀጥል»፣ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ «ማረፊያው አያስተማምንም፣ አትረፍ» ማለት ነው።

ወታደርነት ለዚህ ሁሉ ያመቻል። ለመደጋገም፣ ለሰዓት፣ ድምፅን ሳይለውጡ በድንጋጤ መካከል ለመናገር ከጦር ሰፈር የተሻለ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ አላየሁም። የሌላውም ዓለም ልምድ ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1981 ፕሬዚዳንት ሬገን ሥራ ያቆሙትን ከ11,000 የሚበልጡ የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ባባረሩ ጊዜ፣ ከአለቆቹና ሥራ ካላቆሙት ጋር ሆነው የአገሪቱን ሰማይ ከያዙት መካከል ከጦር ኃይሉ የመጡ ተቆጣጣሪዎች ነበሩ። መልካም ነው ያስባለኝን እንዲህ ከተናገርሁ፣ የእህቴን ፍርሃት የሚደግፈውንም መናገር ይኖርብኛል።

ትምህርቴን ከጨረስሁ በኋላ ስሟን የማልጠራት አንዲት ሩቅ ጣቢያ ተመደብሁ። አንድ ቀን ሁለት ተዋጊ አውሮፕላኖች ከግዳጅ ሲመለሱ መሪያቸው ነዳጅ እንዳነሰው ነገረኝ። በዚያው ጊዜ አንድ ከፍተኛ እንግዳ የያዘ የማመላለሻ አውሮፕላን ወደ እኛ እየቀረበ ነበር። ማማው ላይ ለአቀባበል የወጣ የበላይ መኮንን ከኋላዬ ቆሞ፣ «እንግዳው ይቅደም፤ እነዚያን አቆያቸው» አለኝ። እኔ በዚያን ጊዜ ሃምሳ አለቃ እንኳ አልሆንሁም። ማማው ላይ ሕጉ ግልጽ ነው፦ ነዳጅ ያለቀበት ይቀድማል። ከኋላዬ ያለው ደግሞ ኮከብ ነው። ማይክሮፎኑን ተጭኜ «ዞራችሁ ጠብቁ» አልሁ። መሪው ነዳጁን ደግሞ ነገረኝ። እኔም ደግሜ «ጠብቁ» አልሁ። አሁን ሳስበው ያ ሁሉ ነገር የወሰደው አራት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ሁለቱም አረፉ። ሁለተኛው ማኮብኮቢያውን ሳይለቅ ሞተሩ ጠፋ፤ በጎታች መኪና ወጣ። ማንም አልሞተም፤ በመዝገብም የተጻፈ ነገር አልነበረም። ትእዛዙን የሰጠው መኮንን እንግዳውን ሊቀበል ቀድሞ ወርዶ ስለነበር የሆነውንም ያየ አይመስለኝም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሪው የራስ ቁሩን በእጁ እንደያዘ ደረጃውን ወጥቶ መጣ። ይጮህብኛል ብዬ ተነሥቼ ቆምሁ።

«ጠብቁ ያለው ድምፅ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ ጓድ ሻምበል። ትእዛዙ ግን...»

«ትእዛዙን አልጠየቅሁህም። እኔ ላይ ሆኜ የማውቀው ድምፅህን ብቻ ነው።»

ይህን ብሎ ወረደ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አሳርፌዋለሁ፤ ስለዚያ ቀን ግን ዳግመኛ አላነሣንም።

አንባቢ ይህን እንደ ትንሽ ነገር ይቆጥረው ይሆናል። በሙያችን ታሪክ ትልቁ አደጋ የደረሰው ግን በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች፣ ቴኔሪፌ ላይ፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጉም በተሸፈነ ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞተዋል። የኬ.ኤል.ኤም. ካፒቴን የመነሻ ፈቃድ ሳያገኝ ተነሣ። በአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ የነበረው የበረራ መሐንዲስ ሌላኛው አውሮፕላን ገና ማኮብኮቢያውን እንዳልለቀቀ ጠርጥሮ ጠይቆ ነበር፤ ካፒቴኑ ግን በድርጅቱ የተከበረ አንጋፋ ስለነበር ጥያቄው አልጸናም። ከማማው የተነገረውም ቃል ከሌላ የሬዲዮ ድምፅ ጋር ተደራርቦ በከፊል ጠፋ። ከዚያ ወዲህ «ቴክ ኦፍ» የሚለው ቃል ፈቃዱ በሚሰጥበት ወይም በሚሰረዝበት ጊዜ ካልሆነ በቀር ከተቆጣጣሪ አፍ አይወጣም። ስለ ቴኔሪፌ የሰማሁት ከዚያች ቀን በኋላ ነው። አስቀድሜ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ኮከቡን ዞሬ አየዋለሁ? በእውነት አላውቅም።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ወታደር የሚቀበለው ትእዛዝ ነው፤ አብራሪ ከማማ የሚቀበለው ፈቃድ ነው። ፈቃድ የተሰጠው ሰው «አልችልም» ማለት ይችላል፤ ተቆጣጣሪውም ይህን ሰምቶ ሌላ መንገድ ይፈልጋል እንጂ አይቆጣም። ማማው ላይ ዐሥር አለቃው ኮሎኔሉን «አትረፍ፣ ዙር» ይለዋል፤ ኮሎኔሉም ይዞራል። እርሱ ከማማው ሲወርድ ደግሞ ዐሥር አለቃው እጁን ወደ ግንባሩ ያነሣለታል። እነዚህን ሁለት ሕጎች በአንድ ራስ መያዝ ለሃያ ዓመት ልጅ ከባድ ነው።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ወደቀ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። እኔ ሞያሌን ተሻግሬ በዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ከቆየሁ በኋላ ናይሮቢ ገባሁ። ያረፍሁት እንደ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ኢስሊ ነው። ኢስሊን ሰው የሚያውቃት በገበያዋ ነው፤ እኔን የጠበቀችኝ ግን በአየር ማረፊያዋ ነው። የዛሬው ጆሞ ኬንያታ አየር ማረፊያ፣ ያኔ ኤምባካሲ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1958 እስኪከፈት ድረስ የናይሮቢ መንገደኛ የሚወርደው ኢስሊ በነበረው የእንግሊዝ አየር ኃይል ጣቢያ ላይ ነበር። ዛሬ ቦታው የኬንያ አየር ኃይል ነው። ያ አየር ኃይልም እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1982ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ተበትኖ፣ ለጊዜው ስሙ ተለውጦ እንደገና የተቋቋመ መሆኑን ስሰማ፣ ያለ ምክንያት ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

በስደተኛ ወረቀት ማማ ላይ አይወጣም። የወታደር ምስክር ወረቀትም ለብቻው የሲቪል ፈቃድ አይሆንም፤ የእኔ ደግሞ ሞያሌን ሲሻገር በዝናብ ርሶ ቀለሙ ፈስሶ ነበር። በመጨረሻ በአንድ የጥበቃ ድርጅት የሬዲዮ ክፍል የሌሊት ሠራተኛ ሆንሁ። ሥራዬ የቤት ደወል ሲጮኽ የቅርቡን መኪና መላክ ነው። መኪኖቹ የጥሪ ስም ነበራቸው፤ እኔም ሳላስበው እያንዳንዱን ሾፌር ያልሁትን አስደግመው ጀመር። መጀመሪያ ሳቁብኝ። አንድ ሌሊት ሁለት ተመሳሳይ ስም ያላቸው መንገዶች በመኖራቸው ምክንያት የተላከ መኪና ወደ ሌላው ሊሄድ ሲል በመደገሙ ከታረመ በኋላ ግን መሳቁ ቀረ። ልጄን ያሳደግሁት፣ ያስተማርሁትም በዚያ ወንበር ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ያለው መስመር ለእኔ የቤተሰብ መንገድ ነው፤ ሐዘኑም እንደዚያው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ሲበር የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲወድቅ፣ ከ175 ሰዎች 125ቱ አልፈዋል። ካፒቴን ልዑል አባተ ለጠላፊዎቹ ነዳጅ እንደሌለ እየነገራቸው አልሰሟቸውም። ያን ሌሊት በሬዲዮ ክፍሉ ውስጥ ነዳጅ የሚለውን ቃል ስሰማ የማን ድምፅ እንደመጣብኝ አንባቢ ይገምታል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ እሑድ ነበር። በማግሥቱ በጊጊሪ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ስለሚከፈት፣ በሩንዳ ብዙ ቤት የእንግዳ አልጋ ተነጥፏል። አውሮፕላኑ ከቦሌ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ተነሣ። ስድስት ደቂቃ ያህል ብቻ በረረ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። የወደቀው ከቢሾፍቱ ብዙም በማይርቀው በጊምቢቹ ወረዳ ነው፤ እኔ ከእንጨት አውሮፕላን ተነሥቼ ሥራዬን በተማርሁበት ሰማይ ሥር። 157ቱም ሞቱ፤ ከእነርሱም 32ቱ ኬንያውያን ነበሩ። በኋላ መርማሪዎች እንደገለጹት፣ የተሳሳተ መረጃ የሚልክ አንድ መለኪያ የአውሮፕላኑን ራስ ገዝ ሥርዓት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት እንዲገፋ አድርጎታል። በዚያ ሳምንት በሰፈራችን ተነጥፈው ሰው ያልተኛባቸው አልጋዎች ነበሩ። ልጄ ከሥራ ባልደረቦቿ ለቅሶ ወደ ለቅሶ ስትሄድ፣ እኔ ግን አንድ ሰው ከልቤ አልወጣ አለኝ፦ በዚያን ጠዋት ፈቃዱን የሰጠው፣ ከዚያም ደጋግሞ ጠርቶ መልስ ያጣው ተቆጣጣሪ። ያጠፋው ነገር የለም። ይህ ደግሞ የሚያጽናና እንዳልሆነ አውቃለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ለእህቴ ልጅ ደወልሁ። ለእናቱ አስቀድሜ ነግሬአት ነበር፤ አልወደደችውም፤ «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለችኝ፤ ይህ በቤታችን ቋንቋ ቁጣ ነው።

«አዳምጥ» አልሁት። «መጀመሪያ የሲቪሉን በር አንኳኳ። ፈቃድ ለማግኘት በዓለም አቀፉ ደንብ ዕድሜህ 21 መሙላት አለበት፤ እንግሊዝኛህ በመለኪያው አራተኛ ደረጃ መድረስ አለበት፤ የጤና ምርመራም አለ፤ ከትምህርቱ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ፈቃድ ባለው ሰው ሥር በእውነተኛ ሥራ ላይ ትቆያለህ። መጠበቁን እንደ ባከነ ጊዜ አትየው፤ እንግሊዝኛህን ሥራበት። ሁለተኛ፣ የተከፈተልህ በር የአየር ኃይሉ ብቻ ከሆነ፣ የምትፈርመውን የአገልግሎት ዘመን አንብበህ ፈርም፤ የምትማረውን ሁሉ ቀንና ሰዓቱን ጽፈህ ቅጂውን ለእናትህ ስጣት፤ የእኔን ዝናብ ወስዶታል። የምትገባው ደግሞ ወደ ጦር ነው፤ ጦርነት ቢመጣ እኔ ማማ ሠራተኛ ነኝ ብለህ አትቀርም። ሦስተኛ...»

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ስለዚያች ጣቢያ ነገርሁት። ለልጄም ነግሬአት አላውቅም ነበር። ጸጥ ብሎ ሰማኝ።

«ገባኝ ጋሼ» አለ።

«ገባኝ ብሎ ነገር የለም። ድገመው።»

ሳቀ፤ ከዚያም መድገም ጀመረ። የሲቪሉን በር አለ፤ ዕድሜውን፣ ቋንቋውን፣ ሦስቱን ወር አለ፤ የአገልግሎቱን ውል፣ ለእናቱ የሚሰጠውን ቅጂ፣ ጦርነት ቢመጣ እንደማይቀር አለ። «ሦስተኛ፣» አለና ትንሽ ቆመ፤ «ሦስተኛ፣ የበላይ ሲያዝዝ መታዘዝ እንደ...»

«ተሳስተሃል» አልሁት። «እንደገና እነግርሃለሁ።»

በሩ ላይ የእኛ አስካሪ ከጣቢያው ጋር እየተነጋገረ ነበር። ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ በእጄ ምልክት ሰጥቼው፣ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛውሬ፣ ከመጀመሪያው ጀመርሁ።